ሁለቱ ካሳ ኃይሉ፤ በትውልድ ሐረግ ውስጥ ያለ ቦታው የገባን ሰው ስለ ማረም



የአያት ቅድመ አያቱን የዘር ሐረግ የሚያጠና ሰው በአንድ አሮጌ ወረቀት ላይ «ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ» የሚል ስም ቢያገኝ ያገኘው ማንን ነው? ቶሎ የሚመጣልን መልስ አንድ ነው፤ ቋራ ተወልደው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሳ። መልሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በ1873 ዓ.ም. የተወለዱ፣ ሰላሌን ያስተዳደሩ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ በተምቤን ግንባር የዘመቱ፣ በ1949 ዓ.ም. ያረፉ ሌላ ካሳ ኃይሉም አሉ፤ እኒህም ራስ ከመባላቸው በፊት ደጃዝማች ተብለዋል። የሁለቱም ስም ካሳ፣ የሁለቱም አባት ኃይሉ፣ ማዕረጉም አንድ ነው። የሚለያዩት አያት ላይ ሲደረስ ነው፤ የቴዎድሮስ አባት ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ሲሆኑ የራስ ካሳ አባት ግን የላስታው ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ናቸው። አያት ያልተጻፈበት፣ ዘመኑና ቦታው ያልታወቀ ወረቀት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገር ስሙን ደጋግሞ በማንበብ አይታወቅም።

የአባት ስም ሲጎድል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ በኩል ያሳለፉት ደጃዝማች ካሳ ነበሩ፤ መቅደላ ላይ የሚጠብቁት ንጉሠ ነገሥትም የልደት ስማቸው ካሳ ነበር። የትግራዩ ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። እነዚህን ሦስት ሰዎች ዛሬ የሚያምታታቸው ተማሪ እምብዛም የለም፤ ምክንያቱም ታሪካቸው ተጽፏል፣ የነገሡበትም ያረፉበትም ቀን ይታወቃል። የእኔና የእናንተ ቅድመ አያቶች ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበራቸውም። በአንድ ደብር አጥቢያ በአንድ ዘመን የኖሩ ሁለት ወልደ ማርያሞች፣ ሁለት ተሰማዎች፣ ሁለት ወለተ ጊዮርጊሶች የሚለዩበት መጽሐፍ የለም። ስለዚህ በነገሥታቱ ላይ የማንፈጽመውን ስሕተት በገዛ ቤተሰባችን ላይ በቀላሉ እንፈጽመዋለን።

ከራስ ካሳ ሳንርቅ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንመልከት። በውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ እኒህ መስፍን ብዙ ጊዜ «ካሳ ኃይለ ዳርጌ» ተብለው ይጠራሉ። የእኛን የስም አወጣጥ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያይ ካሳ የኃይሉ ልጅ፣ ኃይሉም የዳርጌ ልጅ ነው ብሎ ይቆጥራል። አይደለም። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የእናታቸው የወይዘሮ ትሰሜ አባት ናቸው። ወደ ሸዋ ነገሥታት የሚያደርሳቸው የእናታቸው ወገን በመሆኑ የእናት አባት ስም በአባት አባት ቦታ ገባ። ሦስቱም ስሞች እውነተኛ ናቸው፤ ሦስቱም ሰዎች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ሐረጉን እንደ ወረደ የሚገለብጥ ሰው ግን ለዳርጌ ያልወለዱትን ኃይሉን ይሰጣቸዋል፤ ወልደ ኪሮስን ከነላስታ ወገናቸው ያጠፋል፤ አማቹንም ልጅ ያደርጋል። ተንኮል የለበትም፣ ሐሰተኛ ስምም አልገባበትም፤ ግን አንድ ሙሉ የአባት ወገን ጠፋ።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው። በትውልድ ሐረግ ጥናት ሁለት ዓይነት የማንነት ስሕተት አለ። አንደኛው ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው አንድን ሰው ሁለት ማድረግ ነው። ሁለቱም ስሕተት ቢሆኑም ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንድን ሰው ሁለት አድርጎ የጻፈ ሰው ሐረጉ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ነገ የተሻለ ማስረጃ ሲመጣ ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ የጠፋ ነገር የለም። ሁለት ሰዎችን አንድ ያደረገ ግን ከዚያ ስም በላይ ያሉትን የማይገቡ አባቶችና አያቶች ሁሉ ጎትቶ ያስገባል፤ ከዚያ ስም በታች የተወለዱትንም ሁሉ ይዞ ይሳሳታል። የአንዱ የልደት ዘመን ከሌላው የሞት ዘመን ጋር ይቀላቀላል፤ የሁለት ሴቶች ልጆች የአንዲት እናት ልጆች ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ ማን የማን እንደነበር መለየት እጅግ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱን ያሳዩ የነበሩት ምልክቶች «ስሕተት ናቸው» ተብለው በአጣማሪው እጅ ተስተካክለዋል። ስለዚህ ማስረዳት ያለበት ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸው የሚለው ወገን ነው። ይለያያሉ የሚለው ሰው ማስረጃ እስኪቀርብለት መጠበቅ ይበቃዋል።

ይህ ጥንቃቄ በየትም አገር ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ ግን የበለጠ ያስፈልጋል። የቤተሰብ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ጸና፤ ልጁን በራሱ ስም፣ አባቱን በአባቱ ስም እየጠራ ቀጠለ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ናቸው። ዐፄ ምኒልክ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሣህለ ማርያም ነው። ተፈሪ መኮንን የክርስትና ስማቸውን ይዘው ነው ኃይለ ሥላሴ የተባሉት። ቤተ ክርስቲያን ሙት ስታስብ በክርስትና ስም ነው፤ የግብር ደረሰኝ የሚቆረጠው ግን በዓለም ስም ነው፤ ስለዚህ የደብሩን መዝገብና የመሬቱን ወረቀት ጎን ለጎን የያዘ ሰው አንዱን ሟች ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። የፈረስ ስም ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ባልቻ አባ ነፍሶ የሚለውን ያነበበ የሩቅ ተመራማሪ አባ ነፍሶን የባልቻ አባት አድርጎ ይመዘግባል፤ አባታቸው ግን ሳፎ ናቸው፣ አባ ነፍሶ የፈረስ ስማቸው ነው። አባ ታጠቅን ወይም አባ ነጋን መነኩሴ ነው ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። የዘመን አቆጣጠሩም የራሱን ያህል ያሳስታል። ከእኛ ዓመት ላይ ሁልጊዜ 8 እየደመረ ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ሰው የኃይለ ሥላሴን ልደት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884ን፣ በትክክል 1892 ያደርገዋል፤ የንግሣቸውን ቀን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923ን፣ ግን 1931 ይለዋል፤ ንግሣቸው የተከበረው በኖቬምበር 1930 ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ሲሆን፣ ወይም ታላቅና ታናሽ ወንድም ቦታ ሲለዋወጡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ልናቃልለውም አይገባም። እኛ ወረቀት ቢያንሰን ቃል አለን፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉን፤ አንተ ማነህና የእነሱን ቆጠራ የምታርም? ይላል። መልሱ ቆጠራው የተደረገው ለምን ነበር የሚለውን በመጠየቅ ይጀምራል። ትውልድ ከሚቆጠርባቸው ምክንያቶች አንዱ ጋብቻ ነው፤ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሁለቱም ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ በቤተ እስራኤል ዘንድም ይኸው ሥርዓት ጥብቅ ነበር። እንዲህ ያለው ቆጠራ ሊታመን የሚገባው ነው፤ ስሕተቱ ነውር ያመጣ ስለነበር ሁለት ወገን ተያይቶ የሚያጣራው ነውና። ሌላው ምክንያት ግን ርስት ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር ከመሬቱ የመጀመሪያ ባለቤት (ከዋና አባት) ጀምሮ በመካከል ባለው በምንዝር አባት በኩል እስከ ራስ ድረስ አስተካክሎ መቁጠር ዳኛ ፊት የሚቀርብ ክርክር ነበር። ሐረጉን በአንድም በሌላም በኩል አዙሮ ከሰፊ መሬት ባለቤት ጋር ማገናኘት የቻለ ሰው እህል ያመርታል፤ ያልቻለ ባዶውን ይቀራል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ለብዙ ትውልድ ከተቆጠረው ሐረግ በዚህ ሙግት ውስጥ ያለፈው ጥቂት አይደለም። ይህ ማለት ሽማግሌዎቻችን ዋሹ ማለት አይደለም። የተነገረን ቆጠራ ምስክርነት ነው ማለት ነው፤ ምስክር ደግሞ ይከበራል፣ ይጠየቃልም። ድሮም ዳኛው አንዱን ሽማግሌ ሰምቶ አይፈርድም ነበር፤ ተከራካሪው ወገን የራሱን ሽማግሌ ያቀርብ ነበር። ዛሬ የአንዱን አያት ቃል ብቻ ቀድቶ እውነት ነው የሚል ወጣት ከጥንቱ ባላገር ያነሰ ጥንቃቄ አድርጓል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ እንዲህ ያለ ጥብቅ መስፈርት ከተቀመጠ የማናችንም ሐረግ ከአያት አያልፍም የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ያጥራል። ነገር ግን የሚባለውን ያህል ማስረጃ አጥተን አይደለም፤ የምንፈልገው በተሳሳተ ቦታ ነው። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በወንጌሉና በሌሎች ብራናዎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ከሻጭና ከገዢ ስም ቀጥሎ የዋሶችና የእማኞች ስም ይደረደራል፤ ለእኛ ሥራ ዋናው ሀብት ይህ ዝርዝር ነው። ሰው ብቻውን አይኖርም፤ ከጎረቤቱ፣ ከአማቹ፣ ከነፍስ አባቱ ጋር ነው የሚታየው። ሁለት ወልደ ማርያሞች ስማቸው አንድ ቢሆንም ዋሶቻቸው አንድ አይሆኑም። በአንዱ ሰነድ ላይ ከወልደ ማርያም ጎን የቆሙት ሰዎች በሌላው ሰነድ ላይም ከጎኑ ከተገኙ፣ ስሙ ብቻውን ያልሰጠንን ማስረጃ አጃቢዎቹ ሰጡን ማለት ነው። ከቶ ካልተገኙም እዚያ ላይ ማቆም ነው። አምስት ትውልድ በትክክል የሚያውቅ ቤተሰብ ከንጉሥ ሰሎሞን ጀምሮ ያለ ማስረጃ ከሚቆጥር ቤተሰብ ይልቅ ስለ ራሱ ያውቃል።

ማረም ክብር ሲያስቀንስ ምን እናድርግ? መስፈርቱ በእርግጥ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ምሳሌ ጋር ጥቂት ልቆይ። የሩሲያው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሐኒባል አፍሪካዊ ነው። በልጅነቱ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፣ በ1704 እ.ኤ.አ. ገደማ ለታላቁ ጴጥሮስ ደረሰ፣ ንጉሡ ክርስትና አነሣው፣ ፈረንሳይ ተምሮ ተመለሰ፣ ለጄኔራልነት በቅቶ በ1781 አረፈ። ይህ ሁሉ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ኢትዮጵያዊ ነው የሚለው ግን በምን ላይ ቆሟል? እርሱ ራሱ በ1742 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ በአፍሪካ፣ በአባቱ ግዛት፣ ላጎን በምትባል ከተማ እንደተወለደ ጽፏል፤ ሐበሻ ነኝ አላለም። ሐበሻነቱ የመጣው ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ እጅ በተገኘ የጀርመንኛ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው፤ ያው ጽሑፍ የዘሩን ግንድ ወደ ካርታጎው ሐኒባል ይመዝዘዋል። በ1899 የፑሽኪን 100ኛ የልደት ዓመት ሲከበር የሩሲያው የሰው ዘር ጥናት ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ላጎንን ከመረብ አጠገብ ካለው ሎጎ ከሚባለው አገር ጋር አገናኘ። የአኑቺን መነሻ ያሳዝናል፤ በዘመኑ እንደነበሩ ብዙ ምሁራን ከሌላው ጥቁር አፍሪካዊ ዘር እንዲህ ያለ ሊቅ ይወለዳል ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር፤ ሐበሻን የመረጠው ወደ ነጭ የቀረበ ዘር ነው ብሎ ስላሰበ ጭምር ነው። እኛ በኩራት የተቀበልነው ስጦታ ሌሎች ወንድሞቻችንን ለመናቅ የተሰጠ ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የቤኒን ተወላጁ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ሌላ ቦታ አሳየ፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ በዛሬዋ ካሜሩን የምትገኘውን ሎጎን ቢርኒን። ተቃዋሚ እዚህ ላይ ሊይዘኝ ይችላል፤ ይህም የስም መገጣጠም አይደለምን? ነው። በስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሎጎ የሚበልጥበት ምክንያት አልነበረም፤ የኦቶማን ቱርኮችም ምፅዋን ይዘው ስለነበር ልጁ በዚያ በኩል መወሰዱ የማይቻል አልነበረም። ሎጎን ቢርኒ የተሻለ የሚመስለኝ ግን ከስሙ ሌላ የሚገጥሙ ነገሮች ስላሉት ነው፤ የገዢ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት፣ ከዚያም አካባቢ በሰሃራ በረሃ ወደ ትሪፖሊ፣ ከትሪፖሊም ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄድ የታወቀ የባሪያ ንግድ መንገድ ነበር። ይህም ሆኖ ሚዛኑ ወደዚያ አዘነበለ እላለሁ እንጂ ተረጋገጠ አልልም። በእኛ በኩል ግን አዲስ አበባ በፑሽኪን ስም አደባባይ ሰይማለች፣ አስመራም ሐውልት አቁማለታለች፤ ለባለቅኔው ክብር ከሆነ መልካም ነው፤ ለዝምድና ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀስ ከሆነ ግን ሐውልት ምስክር አይሆንም። ለሐኒባል የእርሱ ያልሆነ መልክ ሳይቀር ተሰጥቶታል። ለረጅም ጊዜ የሐኒባል ነው ተብሎ በየመጽሐፉ የታተመው የጄኔራል ሥዕል የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ያደረገ ነው፤ ኒሻኑ የተመሠረተው በ1769 ሲሆን ሐኒባል ከአገልግሎት የተሰናበተው በ1762 ነው። ዛሬ ብዙዎች ሥዕሉን የሌላ የሩሲያ ጄኔራል ነው ይሉታል። ለብዙ ዓመታት ሰዎች ፊቱን እያዩ ከፑሽኪን ጋር ያመሳስሉት ነበር፤ ደረቱን ያየ ሰው ነገሩን ፈታው።

ይህ ሁሉ ክርክር በዘረመል ምርመራ ሊያበቃ ነው የሚሉም አሉ። ምርመራው ታላቅ እርዳታ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሥጋ መዛመዳቸውን ያሳያል፣ የተባለውም ዝምድና እንደሌለ ሊያሳይ ይችላል። ዘመዱ ወልደ ማርያም ይሁን ወንድሙ ይሁን ግን አይነግረንም። ስም የሚሰጠው ሰነድና ምስክር ነው፤ የተሳሳተ ሐረግ የያዘ ሰው የምርመራውን ውጤት ለዚያው ስሕተት ማጽኛ ያደርገዋል።

ከአገር ርቀው ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ጉዳዩ የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። አሜሪካ የገባ አባት በራሱ አያት ስም፣ ልጁ ደግሞ በእርሱ አባት ስም ሲመዘገብ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ የተለያየ ቤተሰብ ይሆናሉ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል፤ በአንድ ቀን የተወለዱ የሚመስሉ ስንት ሺህ ሰዎች አሉ። እስራኤል የገቡ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው፣ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖላቸዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ወደ ኋላ መቁጠር ሲጀምሩ በእነዚህ ወረቀቶች ብቻ ቢመሩ የሥጋ ወንድማማቾችን ባዕድ፣ ባዕዳንን ወንድማማቾች ያደርጋሉ።

እንግዲህ ስሕተት ሲገኝ መፋቅ ብቻ አይበቃም። የተፋቀ ስሕተት በሌላ ዘመድ ደብተር ውስጥ ስላለ ተመልሶ ይመጣል። የተሳሳተውን ስም ከነቦታው አስቀምጡት፤ ከጎኑም ለምን እንዳልሆነ፣ ማን እንዳረመው፣ በምን ማስረጃ እንደታረመ ጻፉ። ለቤተሰቡ ሲነገርም «አያታችሁ ተሳስተዋል» ከማለት ይልቅ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ማሳየት ይሻላል፤ ሰው የተነጠቀ ሲመስለው ይቆጣል፣ የጠፋ አያት ሲመለስለት ግን ያዳምጣል። የራስ ካሳን ሐረግ የሚያርም ሰው ዳርጌን ከእናት ወገን ቦታቸው ሲያስቀምጥ ለቤተሰቡ ወልደ ኪሮስን ይመልስለታል።

በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ማንነታችን ያለው በሰው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ እናትና አባት፣ አያትና አክስት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የዓለም ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስማቸውን፣ የአባታቸውን ብቻ ሳይሆን የእናታቸውን ወገን፣ ያደጉበትን ደብርና ጎረቤቶቻቸውን ጭምር ጻፉ። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ፤ የነገራችሁን ሰው ስም ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አስፍሩ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቦታ ክፍት ተዉት።